በይመር አበጋዝ ቤት የከረመው ባሕር

ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በልቡ የሚመኘው ሰፊውን በጠባብ መያዝ፣ ሩቁን ወደ ቅርብ ማምጣት፣ ኃላፊውንም እንዳያልፍ ማገድ ነው። ንጉሥ ምድርን በቅጥር ያጥራል፤ ጸሐፊ ዘመንን በብራና ያስራል፤ ገበሬም የአንድ ክረምት ዝናብና የአንድ በጋ ፀሐይ በጎተራው ከትቶ አፉን በጭቃ ይመርጋል። ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የተያዘ ነገር ሁሉ ጠባቂን ይሻል፤ ጠባቂነትም እንደ በሬ ጥማድ ነው፤ ፍቅርና ዕውቀት በአንድ ቀንበር ካልተጠመዱበት እርሻው ይጣመማል። ፍቅር የጎደለው ዐዋቂ ያያል እንጂ አይራራም፤ ዕውቀት የጎደለው አፍቃሪ ደግሞ ይራራል እንጂ አያይም፤ እጁም ሊዳብስ ተዘርግቶ ሳለ ያንቃል። ይህን የሚመሰክር፣ በአንድ ገበሬ ቤት የሆነ፣ ለሰሚው መራራ የሆነ ነገር ከዚህ በታች ተጽፏል።

ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የቦርከና ወንዝ በጥቁር አፈር ሜዳ መካከል በሚጠማዘዝበት አፋፍ ላይ፣ ይመር አበጋዝ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ይህ ሰው በሥራው ብርቱ፣ በፊቱ ኮስታራ፣ በሥርዓቱ ጥብቅ፣ በንግግሩም እጅግ ቁጥብ ነበር፤ ሌላው ገበሬ በሬውን በዜማ ሲያባብል፣ እርሱ ጅራፉን ብቻ አጩኾ ትልሙን እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ያወጣ ነበር። የመንደሩ ሰዎችም "የይመርን ጥርስ ያየ ሐኪም ብቻ ነው" እያሉ ይሣለቁበት ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ዘርፌ በሕይወት ሳለች የልቡን አሳብ ለሰው የምትተረጉም እርሷ ነበረች፤ "ዛሬ ደስ ብሎታል፣ ዝም ያለው ስለዚህ ነው፤ ትናንት ግን አዝኖ ነበር፣ ዝም ያለው ስለዚያ ነው" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታስቅ ነበር። እርሷ ካረፈች ወዲህ ግን ያ ዝምታ ተርጓሚ አጣ፤ በቤቱም መካከል እንደ ምሰሶ ቆሞ ቀረ።

ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደች ብቸኛ ልጅ ትርንጎ ትባላለች። እናቷ ከሞተች በኋላ፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ ቆነጃጅት ባሕር ተሻግራ፣ ጅዳ በተባለች ከተማ በአንድ ባለጸጋ ቤት ለአገልጋይነት ገባች። በዚያ የኖረችውን ኑሮ ለማንም አልተናገረችም፤ እኛ ግን ለተራኪ የተሰወረውን መግለጥ ተፈቅዷልና ጥቂት እንላለን። በሩ በላይዋ ላይ ከውጭ ይቆለፍ ነበር፤ በክርስትናም ሆነ በዓለም ስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ መብሏ ትራፊ፣ መኝታዋም የዕቃ ቤት ወለል ነበር፤ እመቤቲቱ በተቆጣች ጊዜም የጋለ ካውያ እስከ ማንሣት ትደርስ ነበርና፣ በግራ ክንዷ ላይ እጅጌዋ የሚሸፍነው ጠባሳ ቀርቷል። ነገር ግን በዚያ ቤት አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመስታወት ባሕር ነበረ፤ በውስጡም ኅብረ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዓሦች በመርጃን ዱር መካከል ይመላለሱ ነበር፤ መርጃን የሚባለውም ሲያዩት ተክል የሚመስል፣ ሲዳስሱት ድንጋይ ላይ የተጣበቀ፣ በእውነቱ ግን ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው። ትርንጎ ወደ መስታወቱ በቀረበች ቁጥር ዓሦቹ ወደ ፊቷ ይሰበሰቡ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጌጥና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፊቷን አይተው የሚቀርቧት እነርሱ ብቻ ነበሩ። ባሕሩን የሚጠብቅ ሙያተኛ በመጣ ጊዜም ባልዲ እያቀበለች፣ እያየችና እየጠየቀች፣ የአያያዙን ጥበብ ሁሉ ተማረች።

ዘመነ ውሏ ተፈጽሞ በተመለሰች ጊዜ ይመር በደጃፉ ቆሞ ተቀበላት፤ ጉንጯን ስሞ "ከስተሻል" አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እርሷም አላስጨመረችውም። ብዙ ቀን ከሰው ርቃ፣ ከጥላዋ ጋር ብቻ ተቀምጣ ሰነበተች። ከዚህም በኋላ አንድ እንግዳ አሳብ አደረባት፤ በአባቷ ቤት፣ ከመደቡ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ባሕር ልትተክል ወደደች። ረዳትም አላጣችም፤ የአባቷ እኅት ልጅ ሰይድ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ምላሱ ስል፣ ልቡ ገር የሆነ ሰው ነበርና። እርሷ ከኮምቦልቻ መስኮት ሠሪ ዘንድ መስታወት አስቆርጣ በማጣበቂያ አጋጠመች፤ እርሱም ውሃውን መርከብ ካላደፈረሰው ጥግ በጀሪካን ቀድቶ፣ ነጩን አሸዋ በከረጢት አድርጎ፣ ሕያው የሚባለውንም ባለቀዳዳ የባሕር ድንጋይ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ የአፋርን በረሃ አሻግሮ አመጣላት። ጀሪካኑን ከመኪናው እያወረደም "አጎቴ፣ ኬላ ላይ ፈታሹ ከፍቶ ቀምሶ ተፋው፤ 'አንተ ሰው፣ ምን ብትሆን ነው የጨው ውሃ ከጅቡቲ የምትሸከም?' ሲለኝ፣ 'አገራችን ባሕር የላትም ሲሉ ሰምቼ በየጥቂቱ ላስገባላት ብዬ ነው' አልኩት፤ ወላሂ፣ ሥቆ ለቀቀኝ" አለ። ይመር ግን "ቀስ ብለህ አውርድ፤ መደቡን እንዳታረጥበው" አለ እንጂ አልሣቀም።

ትርንጎም አሸዋውን አንጥፋ፣ ድንጋዩን በዋሻ አምሳል ደርድራ፣ ባሕሩን በላዩ አፈሰሰች፤ ውሃውን ያለ ዕረፍት የምታዘዋውር ትንሽ ሞተር፣ የማለዳውን ብርድ የምትመክት ማሞቂያ፣ ከላይም የቀትርን ብርሃን የሚተካ መብራት አኖረችለት፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ አየር የምታነፍስ መሣሪያም አዘጋጀች፤ የጨውን ልክ የምትናገር ተንሳፋፊ መለኪያም ነበረቻት። ይህን ሁሉ ከፈጸመች በኋላ ግን ዓሣ ሳታስገባ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ለተመልካች ሁሉ ይህ መቆየት ዕብደት መሰለ፤ ምሥጢሩ ግን እንዲህ ነው፤ በድንጋዩ ላይ የሞተው ረቂቅ ነገር ሲበሰብስ ውሃውን መርዝ ያደርገዋል፤ ያንን መርዝ የሚበሉ፣ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታትም በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ይበዛሉ፤ እነርሱ ሳይበዙ የገባ ዓሣ በገዛ እድፉ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ፣ ከውጭ ዶፍ ሲወርድ፣ በይመር ቤት ድንጋይና ውሃ ብቻ እያበሩ ከረሙ። ጎረቤታቸው እትዬ ጌጤ በደጅ ባለፈች ቁጥር አንገቷን እያስገባች "ትርንጎዬ፣ የኔ እናት፣ ሰው ከዐረብ አገር ሲመጣ ዘመድ ያስደስታል፤ አንቺ ድንጋይ ታጠምቂ ጀመር?" ትላት ነበር፤ ትርንጎም "ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ፤ ስም ሲወጣለት እርስዎን ነው የክርስትና እናት የማደርገው" ብላ መለሰችላት። ይህን ቧልት የሰማው ይመር ግን መንሹን ከግድግዳው አስደግፎ ሲያበቃ "የሰው መሣለቂያ አደረግሽን፤ ይህን ጉድ አንድ ቀን ከነመስታወቱ ቦርከና እከተዋለሁ" አለ። ከአፉ የወጣው እትዬ ጌጤ እንድትሰማው ነበር፤ የገባው ግን በልጁ ልብ ነው፤ በዚያም እንደ እሾህ ተሰብሮ ቀረ።

መስከረም ጠብቶ ውሃው እንደ ጠራ ባረጋገጠች ጊዜ፣ ትርንጎ ባሕሯን በነፍሳት ትሞላው ጀመር፤ አሞላሏም በችኮላ አልነበረም፤ በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ እንግዳ ባለቤቱንም ራሱንም ያስርባልና። አስቀድማ መስታወቱን የሚልሱ፣ በላዩ የሚወጣውን አረንጓዴ ልባስ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎችን አስገባች፤ ከዚያም የራሱ ቅርፊት የሌለውን፣ በሙት ቀንድ አውጣ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን ትንሽ ሸርጣን አስከተለች፤ ጥቂት ቆይታም ብርቱካን የመሰሉ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ታናናሽ ዓሦችን አመጣች። ሰይድ እነዚህን አየር በተሞላ ከረጢት አቅፎ ሲገባ "እንኪ ሙሽሮችሽን! ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር 'ይቅርታ' እያልኩ ነው የነዳሁት፤ ለሚስቴ እንዲህ ተጠንቅቄላት አላውቅም" አለ። እርሷም ከረጢቱን በውሃው ላይ አንሳፈፈች፤ ሙቀቱ ከሙቀት እስኪስማማ ጠበቀች፤ ከባሕሯ በኩባያ እየቀዳች ከከረጢቱ ውሃ ጋር እያዋሐደች፣ እንግዶቹን ከአገሩ ካላመደች በኋላ ለቀቀቻቸው። በመጨረሻም ከትልቅ መርጃን የተቆረጠ፣ ጣት የሚያህል፣ እንደ ሕፃን እጅ የሚዘረጋና የሚጨበጥ ቁራጭ በድንጋይ ስንጥቅ መካከል ሸጎጠች። በየሳምንቱም ከአሮጌው ውሃ ጥቂት ቀንሳ በአዲስ ትተካ ነበር፤ በየቀኑ የሚተነውን ግን በዝናብ ውሃ ትሞላው ነበር፤ ውሃ ይበርራል እንጂ ጨው አይበርርምና።

ከዚህ ወዲያ በዚያ ቤት ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ይመር ከማሽላው ማሳ ወፍ ሲጠብቅ ውሎ በተመለሰ ጊዜ፣ ወንጭፉን ሰቅሎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ በመደቡ ላይ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ይቀመጥ ጀመር። አይጠይቅም፤ አያመሰግንም፤ ብቻ ይመለከታል። ትርንጎም ከአጠገቡ ትቀመጥ ነበር፤ የሁለቱ ዝምታ ግን እንደ ቀድሞው በመካከላቸው የቆመ አጥር ሳይሆን፣ በሁለቱ ትከሻ ላይ የተጣለ አንድ ጋቢ መሰለ። ከዕለታት አንድ ቀንም፣ ሳያስበው፣ "ያ ታናሹ ዛሬ አልበላም" አለ፤ ልጁም ተደነቀች፤ ሁለቱን ዓሦች ለይቶ የሚያውቅ አልመሰላትም ነበርና። በዚያ ቃል ተደፋፍራ፣ በሌላ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ "አባዬ፣ እዚያ ቤት ሳለሁ" ብላ ጀመረች። የባሕሩ ብርሃን በጠባሳው ላይ ወደቀ፤ ይመርም አየው፤ ልቡ እንደ እሳት ነደደ፤ "ማነው እንዲህ ያደረገሽ?" የሚል ቃል እስከ ጥርሱ ደረሰ። ነገር ግን በአባቱ ቤት ሐዘንን በቃል የገለጠ ወንድ አይቶ አያውቅምና፣ አንደበቱ የለመደውን መንገድ መርጦ "ነገ ለወፍ ጥበቃ በጠዋት መነሣት አለብኝ" አለ፤ ተነሥቶም ወጣ። ትርንጎ እጅጌዋን ዝቅ አደረገች። ከጓሮው፣ ከድርቆሹ ክምር ኋላ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ሲናወጥ አላየችም።

በጥቅምት ከደሴ አንዲት ደላላ መጣች፤ በጅዳ ሌላ የሥራ ቤት እንዳለ ነግራ፣ ኅዳር ሚካኤል እንዳለፈ መልስ እንድትሰጣት ለትርንጎ ቀጠሮ ሰጥታ ሄደች። ትርንጎ እሺም እንቢም አላለችም። ሰይድ ግን ከጉዞው ሲመለስ በግቢው ቆሞ ቁርጡን ጠየቃት፤ ይመርም በዚያን ሰዓት ከክምሩ ወዲያ ድርቆሽ ይቆልል ነበርና ሁሉን ሰማ። "ሰይዴ፣ ያ መርጃን ከድንጋዩ ጋር ከተዋሐደ እቀራለሁ፤ ከባሕሩ ተቆርጦ በሰው ቤት ሥር የሰደደ ነገር በዓይኔ ካየሁ፣ እኔም ተቆርጬ እንደማልቀር አምናለሁ። ካልያዘ ግን እዚህ የሚያስቀምጠኝ የለም" አለችው። "አንቺ ሴትዮ፣ ዕጣ በድንጋይ ይጣላል እንዴ? አባትሽን አትጠይቂውም?" አላት። እርሷም በምሬት ሣቀችና "ጠይቄ ምን ልስማ? የወፍ ጥበቃ?" አለች። ሰይድ "አብሽሪ፣ ማሽላው ታጭዶ ወፍ ያለቀ ዕለት ያነጋግርሻል" ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ከክምሩ ወዲያ ያለው ሰው መንሹን እንደ ጨበጠ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የልጁ መቅረትና መሄድ በዚያች ጣት በምታህል ፍጥረት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዐወቀ።

የእናቷ እኅት ባል ተዝካር ደርሶ ትርንጎ ወደ ወረኢሉ ለመሄድ በተነሣች ጊዜ፣ ሌላ ሰው ስላልነበራት ባሕሯን ለአባቷ ሰጠች። "ምግባቸው በሁለት ጣት ቆንጠር ነው፤ ከዚያ አይለፍ። ውሃው ከዚህ ምልክት ሲጎድል የዝናቡን ውሃ ይጨምሩበት። ሳሙና የነካ እጅ ግን አይግባበት፤ ሳሙና ካገኛቸው አንዱም አይተርፍም። አደራ፣ አባዬ" አለችው። እርሱም "እሺ" አለ፤ ይህችን ቃል እንደ መሐላ ቆጠራት። በማግሥቱ በቤቱ የነበረውን ሳሙና ሁሉ አውጥቶ ለእትዬ ጌጤ ሰጠ፤ እጁን በአሸዋና በውሃ ብቻ ይፈትግ ጀመር፤ እርሷም ልብስ ስታጥብ ውላ እሳት ልትጭር በመጣች ጊዜ ከደጅ አቁሞ "እጅሽ ሳሙና ነክቷል፤ አትግቢ" አላት። እትዬ ጌጤም ወገቧን ይዛ "እናንተ ሰዎች ኑ ተመልከቱ! ይመር ለዓሣ አጋፋሪ ሆነ! እኔንስ ይሁን፣ ቄሱ ሲመጡም እጃቸውን ያሸት ይሆን?" ብላ መንደሩን አሣቀችበት። እርሱ ግን እንደ ቀድሞው አልተቆጣም። ዓሦቹ በጨለማ እንዳይከፉ ብሎም መብራቱን ቀንም ሌትም ሳያጠፋ ያበራላቸው ነበር፤ ይህም ርኅራኄው መስታወቱን ከቀንድ አውጣዎቹ አቅም በላይ በሆነ አረንጓዴ ልባስ ሸፈነው።

ትርንጎ በምትመለስበት ዕለት ማለዳ፣ እርሱም የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር፣ ይመር ዓይኑን በመስታወቱ ጠርዝ፣ ልባሱ ሳሳ ባለበት በኩል አስጠግቶ ወደ መርጃኑ ተመለከተ። ከቁራጩ ግርጌ ሐምራዊ ሥጋ ወጥቶ፣ በድንጋዩ ላይ እንደ ፈሰሰ ሰም ተዘርግቶ፣ ስንጥቁን ሞልቶ ጨብጦት ነበር። ሥር ይዟል። ያ ጥርሱን ሐኪም ብቻ ያየው ሰው ብቻውን በቤቱ ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ሣቀ። ወዲያው ግን አሳብ ገባው፤ ልጁ ደክማ ስትገባ የምታየው የቆሸሸ መስታወት ነው፤ የምትሻውን ምልክት ከዚህ መጋረጃ ኋላ እንዴት ታየዋለች? አሁን፣ አንባቢ ሆይ፣ የዚያን አገር ልማድ አስብ፤ በበዓል ዋዜማ ሰው ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን በእንዶድ አጥቦ ያነጣል፤ ባደፈ ልብስ በዓልን መቀበል ነውር ነው። ሳሙና ለይመር ፋብሪካ የሠራው፣ ከሱቅ የመጣ መጻተኛ ነገር ነው፤ እንዶድ ግን በአጥሩ ላይ የበቀለ፣ አባቶቹ የነጡበት፣ የካህናት ልብስ ለመቅደስ የሚታጠብበት ንጹሕ ፍሬ ነው። እርግጥ ነው፣ በሬው አልቅት ውጦ ደም ሲተፋ ይህንኑ እንዶድ ቀጥቅጦ በጉሮሮው ያፈስበት ነበር፤ አልቅቱም ሞቶ ይወድቅ ነበር። ነገር ግን በልቡ ሁለት እንዶድ ነበረ፤ አንዱ ለበረት፣ አንዱ ለበዓል፤ በዚያች ማለዳ ደስታው የበዓሉን ብቻ አሳሰበው። ስለዚህ የልጁን ትእዛዝ አንዲት ነጥብ ሳይጥስ፣ ሳሙናን ሸሽቶ እንዶድ ወቀጠ፤ በቤቱ ካለ ጨርቅ ሁሉ የለሰለሰውን መርጦም፣ ከሞተች ጀምሮ ከሣጥን ያልወጣውን የዘርፌን ነጠላ አወጣ፤ በነጩ አረፋ እየነከረ መስታወቱን በውስጥ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች፣ የታመመ ሰው ፊት እንደሚጠርግ አድርጎ ጠረገው። መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ድረስ ጠራ።

ቀትር ሳይሆን ቀንድ አውጣዎቹ እየተላቀቁ በአሸዋው ላይ ወደቁ። ይመር በመጀመሪያ የተኙ መሰለው። ከዚያ ሸርጣኑ የተከራየውን ቤት ጥሎ ራቁቱን ወጣ፤ ዓሦቹም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ያን ጊዜ የበረቱ እንዶድ ትዝ አለው። አረፋውን በመዳፉ እየጨለፈ አወጣ፤ የነበረውን የዝናብ ውሃ ሁሉ ገለበጠበት፤ ይህም የጨውን ልክ አፍርሶ ሞቱን አፋጠነው እንጂ አላዳነም። "ተው፣ ተው፣ ተው" እያለ ይለምናቸው ነበር፤ ለሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው ዓሣ ለመነ። ታናሹ በቀኝ መዳፉ ላይ ሞተ። መርጃኑም እጁን ጨብጦ፣ ጠቁሮ፣ ከድንጋዩ እንደ ንፍጥ ተልጦ ወረደ፤ ሥር የያዘበት ቦታም እንዳልነበረ ሆነ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ትርንጎ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። መስታወቱ ጠርቶ፣ ውሃው ደፍርሶ፣ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ሞተሩ የሚያዞረው ብቻ ነበር። "ምን ሆኑ?" አለች። ይመር "ሞቱ" አለ። ጣቷን በውሃው ነክራ አሸተተች፤ ፊቷም ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። "እንዶድ ነው" አለች፤ "በበሬዎ ጉሮሮ አልቅት የሚገድሉበት እንዶድ። ሌላ ሰው ቢሆን አላወቀም እል ነበር። እርስዎን ግን ምን ልበል? ከነመስታወቱ ቦርከና እከተዋለሁ ብለውኝ ነበር፤ ቦርከና ሩቅ ሆነብዎት?" ይመር በመደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የሚስቱን ነጠላ ከጋቢው ሥር በብብቱ ይዞ ነበር፤ እርጥበቱም ደረቱን ያቀዘቅዘው ነበር። "ሥር ይዞ ነበር" የሚለውን ቃል ሊነግራት ወደደ። ይህች አንዲት ቃል ብትወጣ ልጁ መስታወቱ ለምን እንደ ተጠረገ ታውቅ ነበር፤ የተጠረገበትንም ነጠላ ብታይ ትቀር ነበር። ነገር ግን እንዲህ ብሎ አሰበ፤ "አሁን ብናገር የሌባ ምክንያት ይመስላል፤ ምልክቱም ጠፍቷል፤ ማን ያምነኛል?" ደግሞም ለልጁ "ማሪኝ" ያለ አባት አልሰማም ነበር። ስለዚህ "የሆነው ሆኗል። እራትሽን ብዪ" አለ። ትርንጎ ጥቂት ቆማ ጠበቀች፤ የምትጠብቀው ነገር እንዳለም ራሷ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያም የሞተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

በዓሉ ባለፈ ማግሥት ለደላላዋ "እሺ" አለች። ሰይድ ይህን በሰማ ጊዜ ይመርን በማሳው ድንበር ላይ አግኝቶ "አጎቴ፣ እባክዎን አንዲት ቃል ይበሏት፤ ባሕር አምጣ ቢሉኝ ባሕር አመጣለሁ፤ የእርስዎን ቃል ግን ከየትኛው ወደብ ልጫን?" አለው። ይመር ማጭዱን እየሳለ "ዐዋቂ ናት። የፈቀደችውን ታድርግ" አለ። የሄደች ዕለትም ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። መኪናው ሲቆም ጉንጯን ሳማትና "እግዚአብሔር ይከተልሽ" አላት። "አሜን" አለች፤ በሩንም ይዛ ጥቂት ዘገየች፤ ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ፤ ገባች። ይመር ወደ ቤቱ ተመልሶ ያንን ውሃ በባልዲ እየቀዳ በአጥሩ ሥር ደፋው፤ በዚያ የነበረው እንዶድም ጨው በልቶት ደረቀ።

በሚከተለው ክረምት ሰይድ በዚያ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ወደ እርሻው ወረደና "ትርንጎ ደውላ ነበር፤ ደህና ነኝ በላቸው ብላለች" አለ። ይመር ከትልሙ መካከል በሬዎቹን አቆመ። ከዚያም ፊቱን ሳያዞር "ሥር ይዞ ነበር" አለ። ሰይድ አልገባውም፤ "ምኑ፣ አጎቴ? ማሽላው?" ብሎ ጠየቀ። ይመር ግን ጅራፉን አንሥቶ አጮኸ፤ ትልሙም እንደ ወትሮው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። የተቀበረ ዘር ይበቅላል፤ የተቀበረ ቃል ግን ቀባሪውን ይበላል።